ሰባ ዓመት የሞላው አሰልጣኝ

አባቴ ጡረታ የወጡ ሰሞን ማልደው መነሣታቸውን አልተዉም ነበር። ፊታቸውን ይታጠባሉ፤ ከረባታቸውን ያስራሉ፤ ቁርሳቸውን ይቀምሳሉ። ከዚያ ወዲያ ግን የሚሄዱበት የለም። በረንዳው ላይ ተቀምጠው ወደ ሥራ የሚጣደፈውን ሰው ያያሉ። «አባባ፣ አሁንማ ይረፉ እንጂ» ብላቸው፣ «ማን ደከመኝ አለሽ?» ብለው ዝም አሰኙኝ።

ስለ አሞስ አሎንዞ ስታግ ያነበብኩት በዚያው ሰሞን ነው።

የዚህ ሰው ኳስ እኛ የምናውቀው ኳስ አይደለም። አሜሪካኖች ፉትቦል የሚሉት፣ ጫፍና ጫፉ የሾለ ኳስ በእጅ ተይዞ የሚሮጥበት፣ ባለኳሱም ተይዞ መሬት ላይ የሚጣልበት ጨዋታ ነው። ጨዋታው ያደገው በኮሌጆች ሜዳ ሲሆን ስታግ ከአሳዳጊዎቹ አንዱ ነው። (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር አስቀምጫለሁ።)

ስታግ በ1862 በኒው ጀርሲ ተወለደ። ሐሳቡ የወንጌል ሰባኪ መሆን ነበር፤ በየል ዩኒቨርሲቲም ሃይማኖት አጠና። ዳሩ ግን ሕዝብ ፊት ቆሞ መናገር አልሆንልህ አለው። አንደበቱ የነፈገውን ሜዳ ሰጠው። በ1889 ከአገሪቱ ምርጥ ተጫዋቾች ተርታ ተመደበ። በ1892 በስፕሪንግፊልድ ከተማ፣ ገና በተፈጠረው የቅርጫት ኳስ መምህራንና ተማሪዎች ተመልካች ፊት ሲጋጠሙ ተማሪዎቹ 5 ለ 1 ረቱ፤ የመምህራኑን አንዲት ነጥብ ያስቆጠረው ስታግ ነበር።

በዚያው ዓመት፣ በየል ያስተማሩት ዊልያም ሬይኒ ሃርፐር ወደሚመሩት አዲሱ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ወሰዱት። እዚያም 41 የውድድር ዘመን ቆየ። በ1905 ቡድኑ፣ ከ1901 ጀምሮ ሽንፈት ያልቀመሰውን ሚሺጋንን 2 ለ 0 አሸነፈ። ሚስቱ ስቴላ ከዳር ተቀምጣ የጨዋታውን አካሄድ በወረቀት ትመዘግብለት ነበር። ስታግ ስድብ አያውቅም፤ በጣም የተናደደ ዕለት ከአፉ የሚወጣው «አህያ!» የሚል ቃል ብቻ ነበር ይባላል። ይህችንስ ከስንቱ መምህር ሰምተናል!

በ1932 ሰባ ዓመት ሞላው፤ ዩኒቨርሲቲውም በዕድሜው ምክንያት አሰናበተው። እውነቱን ለመናገር ከ1924 ወዲህ የማኅበሩ ሻምፒዮንነት ወደ ቺካጎ ዝር ብሎ አያውቅም። ስለዚህ ግፍ ተሠራበት ብዬ ላለቅስለት አልችልም። ልቤን የነካኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው።

ስታግ ዕቃውን ሸክፎ ካሊፎርኒያ ወረደ። ስቶክተን ከተማ በሚገኝ ፓስፊክ በሚባል አነስተኛ ኮሌጅ ተቀጥሮ 14 የውድድር ዘመን ሠራ። በ1943፣ በ81 ዓመቱ፣ የዓመቱ ምርጥ አሰልጣኝ ተባለ። ከዚያ ሲነሣ ደግሞ ወደ ፔንሲልቬንያ ተሻገረና የገዛ ልጁ በሚያሰለጥንበት ሳስኩሃና ዩኒቨርሲቲ አብሮት ሠራ። ሌላው አባት በልጁ ቤት እሳት ዳር በሚቀመጥበት ዕድሜ ማለት ነው! ወደ ስቶክተን ከተመለሰ በኋላ፣ ዘጠና አምስት ዓመት አልፎትም ቢሆን የአንድ ኮሌጅ ልጆችን የኳስ አመታት ያስተምር ነበር። በ1965፣ በ102 ዓመቱ ዐረፈ። በኮሌጅ አሰልጣኝነት ያስመዘገባቸውን 314 ድሎች የሚያልፍ ሰው የተገኘው በ1981 ነው፤ ቤር ብራያንት።

ያ ያሰናበተው ዩኒቨርሲቲስ? በ1939 የፉትቦል ቡድኑን ራሱ በተነ። በስታግ ስም በተሰየመው ስታዲየም፣ ከተመልካች መቀመጫው ሥር፣ ኤንሪኮ ፌርሚና ባልደረቦቹ በ1942 የመጀመሪያውን የአቶም ማብላያ አስነሡ። ሜዳው ለሌላ ታሪክ ተፈለገ። የሰውየው ሥራ ግን ሜዳው ላይ አልቀረም፤ በሄደበት አብሮት ይሄድ ነበር።

ይህን ሁሉ ለአባቴ አወራሁላቸው። ቀጣሪ ማግኘቱ ዕድል ነው፤ ስንቱ ሽማግሌ ያገኛል? እሳቸው ግን ሌላ ነገር ጠየቁኝ።

«ስንት ጊዜ አሸነፈ አልሽ?»

«314»

«የተሸነፈውስ?»

«199»

ጥቂት ዝም አሉና፣ «ይህን ሁሉ ተሸንፎም ነዋ!» አሉ።

በማግስቱ እንደ ልማዳቸው ከረባታቸውን አሰሩ። ከዚያም ሂሳብ አልገባ ያለውን የጎረቤት ልጅ ደብተሩን ይዞ እንዲመጣ አስጠሩት። ዕድሜ ልካቸውን ከቁጥር ጋር የኖሩ የሂሳብ ሹም አይደሉ! ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ከበረንዳው ድምፃቸው ከፍ ብሎ ይሰማኛል፤

«አህያ! … ና፣ እንደገና ደምረው።»