ያማረው ፕሮግራማችን

ዛሬ የምንጽፈው ስለ ራሳችን ነው። ሦስታችን ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ ሆነን የዲግሪ ትምህርት በኢንተርኔት ስንጀምር ፕሮግራም አወጣን። በቀይና በሰማያዊ እስክሪብቶ ተሰምሮ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ፤ ሲያዩት ያምራል! «ማታ ከ1 እስከ 3 ሰዓት ጥናት» ይላል። ታዲያ በዚያው ሰዓት አንዳችን ዓለም ገና፣ አንዳችን አስኮ፣ አንዳችን አዲሱ ገበያ የታክሲ ሰልፍ ላይ ነን። ቤት ስንገባ ደግሞ መብራት የለም።

የቡራዩው ጓደኛችን የቤት ሥራውን ለመጨረሻዋ ሌሊት አቆይቶ ኔትወርክ ጠፋበትና ወደቀ። ያን ጊዜ ግለ ሂስ አደረግን። መብራቱን ብቻ መውቀስ አልቻልንም፤ የሌለንን ሰዓት ነበር ያቀድነው።

አሁን ጽሑፉን አስቀድመን ስልክ ላይ እንጭናለን፤ የቤት ሥራም ከቀነ ገደቡ ሁለት ቀን ቀድሞ ይላካል። ታክሲ ውስጥ ስልኩን ዘግተን ያነበብነውን በቃላችን እናወጣለን። ጀርመናዊው ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ጥናት ያልተደጋገመ ትምህርት ቶሎ እንደሚረሳ፣ በየቀኑ ተከፋፍሎ የተጠና ግን እንደሚሻል አሳይቷል። (የሱሉልታው ጓዳችን ግን ብርዱን ፈርቶ ብርድ ልብስ ውስጥ ያጠናል፤ ገጹ ሳይገለበጥ ያድራል።)

የወደቀው ጓደኛችን ኮርሱን እየደገመ ነው፤ ለፈተናው አንድ ሳምንት ቀርቶታል። ትናንት ማታ መብራት ሲጠፋ ደወለና፣ «በሉ እንግዲህ፣ ጠይቁኝ» አለን።