ድንኳንና ጀበና በሁለት ጎማ

«ፖርቶ መጋላ እኮ ቀረ!» አለኝ ወዳጄ፣ የብስክሌቴን የኋላ ብረት ባዘነልኝ ዓይን እያየ። እሱ የጫነው በአዲሱ ፋሽን ነው። አንድ ጥቅል መሪው ላይ፣ አንድ ባለ ሦስት ማዕዘን ቦርሳ ቴላዮው መሃል፣ አንድ ሌላ ደግሞ ከኮርቻው ሥር እንደ ጅራት ተወትፏል። ብረት የለ፣ ብሎን የለ። «አላስካ ነው የተፈጠረው» ብሎም ጨመረልኝ። የቦርሳዎቹን ዋጋ ሲነግረኝ «በዚህ ሌላ ብስክሌት ይገዛበታል» አልኩ በሆዴ።

ግን ከነከነኝ። ይህንን አጫጫን የሆነ አሮጌ ፎቶግራፍ ላይ አይቼዋለሁ፤ ጥቁር ወታደሮች ብስክሌታቸውን ይዘው ተሰልፈው። ፈልጌ አገኘኋቸው። የአሜሪካ 25ኛ እግረኛ ሬጅመንት ወታደሮች ናቸው፤ ሰፈራቸው ሞንታና፣ ፎርት ሚዙላ። ሌተናንት ጀምስ ሞስ የሚባል ነጭ መኮንን 20 ጥቁር ወታደሮችን አስከትሎ ጁን 14 ቀን 1897 ተነሣ፤ ወደ 1,900 ማይል ገደማ ተጉዘው ጁላይ 24 ሴንት ሉዊስ ገቡ። የብስክሌቶቹ መሪ ላይ ብርድ ልብስና የድንኳን ግማሽ ተጠቅልሎ ታስሯል (ግማሽ ያልኩት ሁለት ወታደር ሲገናኝ ነው አንድ ድንኳን የሚሆነው)። ቴላዮው መሃል ደግሞ ለቦታው በልክ የተሠራ ማሕደር ገብቷል። ጠመንጃና ጥይቱ ሳይቆጠር ነው ይሄ ሁሉ። የወዳጄ ፋሽን ማለት ነው፣ ያውም ከመቶ ዓመት በፊት!

የሞስ ክርክር ቀላል ነበር፤ ፈረስ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይታመማል፤ ብስክሌት ገብስ አትጠይቅም። ነጂው ግን ሰው ነው። ነብራስካ ላይ አሸዋው አላስነዳ ሲላቸው በባቡር ሐዲዱ ላይ እየተንገጫገጩ አለፉ፤ የአገሩ ጨዋማ ውኃም ብዙዎቹን አሳመማቸው። ሲመለሱ በባቡር ተመለሱ። ጦሩም ሐሳቡን በዚያው ተወው።

ከመካከላቸው ሚንጎ ሳንደርስ የሚባለው ሰርጀንት ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ለብስክሌት ጭነት ምንም የማይፈይድ ታሪክ ነው፤ ግን ልንገራችሁ። በ1906 ቴክሳስ፣ ብራውንስቪል ከተማ ውስጥ በሌሊት ተኩስ ተነሥቶ ሰው ሞተ፤ ጥፋቱ በሬጅመንቱ ላይ ተላከከ። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ያለ ፍርድ ካባረራቸው 167 ወታደሮች አንዱ ጡረታው የደረሰው ሳንደርስ ነበር። ጦሩ ውሳኔውን የሻረው በ1972 ነው፤ ሳንደርስ ከሞተ አርባ ዓመት አልፎታል። ዛሬ እነዚያን ቦርሳዎች የሚሸጥ ሁሉ የእነዚህን ሰዎች ፎቶ ግድግዳው ላይ ቢሰቅል ያንሰዋል እላለሁ።

ለፍትሕ ያህል፣ ወዳጄም ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። በአላስካ በረዶና በድንጋያማ መንገድ ረጅም ርቀት የሚወዳደሩ ሰዎች አሉ። እዚያ ብሎን ይላላል፣ ብረት ይሰበራል፣ ጎን ላይ የተንጠለጠለ ቦርሳ ቁጥቋጦ ይይዘዋል። ቦርሳውን በቀጥታ ከብስክሌቷ አካል ጋር ማሰር ያዋጣቸዋል። እኔ ግን የምሄደው አሜሪካ ውስጥ ከጆርጅታውን ተነሥቶ እስከ ከምበርላንድ 184.5 ማይል በሚዘልቀው በድሮው የቦይ ዳር መንገድ ነው። በቅሎዎች ጀልባ እንዲጎትቱበት የተሠራ መንገድ ስለሆነ ዳገት የለውም ማለት ይቻላል። በየጥቂት ማይሉ ነፃ የድንኳን ቦታ፣ የእጅ ፓምፕ ውኃና መጸዳጃ አለ። እዚህ ምን ያጣድፈኛል?

ደግሞ ጀበናዬስ? የአዲሱ ፋሽን ቦርሳ ሁሉ ቀጭንና ረጅም ነው፤ ሆዱ የተነፋ ሸክላ ሊገባበት ቀርቶ አይጠጋውም። እኔ ከኋላ ብረት ላይ ግራና ቀኝ ሁለት ቦርሳ አንጠለጥላለሁ። በግራ ምድጃው፣ ምግቡና መፍቻው፤ በቀኝ ጀበናው በጋቢ ተጠቅልሎ፣ አንገቱ ወደ ላይ፣ ረከቦቱ ቤት ቀርቶ። ከባዱ ነገር ወደ ታች ይወርዳል፤ ግራና ቀኙ ካልተመዛዘነ ብስክሌቷ ወደ ከበደው ትጎትታለች። የመኝታ ከረጢቱ ቀላል ስለሆነ መሪው ላይ ይታሰራል፤ በዚህች ብቻ ከወዳጄ ጋር እንስማማለን።

እንግሊዞች ግን ይህን ሁሉ ሰምተው ይስቃሉ፤ ድንኳን ይዞ በብስክሌት የመጓዝ አባት የእነሱው ቶማስ ሃይራም ሆልዲንግ የሚባል የለንደን ልብስ ሰፊ ነውና። በልጅነቱ በ1853 ከወላጆቹ ጋር የአሜሪካን ሜዳ በጋሪ ያቋረጠ ሰው ነው። ካደገ በኋላ አየርላንድ ውስጥ በብስክሌትና በድንኳን ዞሮ በ1898 መጽሐፍ አሳተመ። ወታደሮቹ ሜዳ ያደሩት በጦር ሥራ ላይ ሆነው ነው፤ ይሄኛው ማንም ሳያዘው! ለእኔ የሚበልጥብኝ እሱ ነው። ልብስ ሰፊ ስለሆነ ድንኳኑን ራሱ እየሰፋ፣ ክብደቱን እየመዘነ ይቀንስ ነበር። በ1901 የብስክሌት ካምፐሮችን ማኅበር መሠረተ። ማኅበሩ ስሙን እየለዋወጠ እስከ ዛሬ አለ፤ አሁን የካምፕና የካራቫን ክለብ ይባላል። ከአባላቱም ብዙዎቹ አልጋ፣ ምድጃና መጸዳጃ ያለውን ቤት በመኪና እየጎተቱ ይሄዳሉ።