የማይታይ በሽታና የኒካሕ ሐቅ



በመድረሳ ስለ ጠሃራ ስንማር ኡስታዛችን ጀናባንና ሐይድን ሲያስረዱን አላፈሩም፤ እኛም አልሳቅንም። በመንግሥት ትምህርት ቤት ግን የባዮሎጂው ምዕራፍ ሲደርስ ከኋላ ሳቅ ተነሣና መምህሩ «ቤታችሁ አንብቡት» ብለው አለፉት። ሐያእ ማለት ከዕውቀት መሸሽ እንዳልሆነ ያስተማረን መድረሳው ነው።

በታለፈው ምዕራፍ ውስጥ ያለው ነገር ቀላል አይደለም። በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፉ ብዙ በሽታዎች ምልክት አያሳዩም። ክላሚዲያ የያዛቸው አብዛኞቹ ሴቶች ምንም አይሰማቸውም፤ ካልታከመ ግን እስከ መካንነት ሊያደርስ ይችላል። የቂጥኝ ቁስል በራሱ ይጠፋል፤ በሽታው ግን በሰውነት ውስጥ ለዓመታት ተደብቆ ይቆያል።

«ይህ ዚና ለሚሠሩ ነው፤ እኛን አይመለከትም» የምንል አለን። ሄፓታይተስ ቢን እንመልከት። በግንኙነት ይተላለፋል፤ በወሊድ ጊዜ ከእናት ወደ ልጅ፣ በጋራ ምላጭም ይተላለፋል። ክትባቱ በአገራችን ለሕፃናት በመደበኛነት መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ከዚያ በፊት የተወለድን አብዛኞቻችን አልተከተብንም። ስለዚህ ዚናን ቀርቦ የማያውቅ ወንድም ቫይረሱን ይዞ ሊገኝ፣ ሳያውቀውም ለሚስቱ ሊያስተላልፍ ይችላል። ቀድሞ ቢታወቅ ግን እሷ ተከትባ ትጠበቃለች፤ እሱም ክትትል ይጀምራል።

ከኒካሕ በፊት የኤችአይቪ ምርመራ ወረቀት መጠየቅ በብዙ ቦታ ተለምዷል፤ መልካም ነው። ያ ወረቀት ግን ስለ ሄፓታይተስ ቢም ሆነ ስለ ቂጥኝ አይናገርም። ጊዜም አለው፦ ኮንክሪት 28 ቀኑ ሳይሞላ ጥንካሬው እንደማይረጋገጥ ሁሉ፣ ኤችአይቪም ከተጋለጡ በኋላ እስከ 3 ወር በምርመራ ላይታይ ይችላል።

«ተመርመሪ» ወይም «ተመርመር» መባል ስድብ የሚመስለን አለን። እኛ የምሕንድስና ተማሪዎች የድልድይ ብየዳን በአልትራሳውንድ የምንፈትሸው በያጁን ጠርጥረን አይደለም፤ ሰው ስለሚሻገርበት ነው። ያለፈ ነገር ያለበትም ቢኖር ተውባው በእርሱና በአላህ መካከል ነው፤ ምርመራው ግን የሌላ ሰው ሐቅ አለበት።

እንግዲህ ኒካሕ ያሰብን ሁለታችንም አብረን ሄደን፣ ሦስቱንም በስማቸው ጠርተን እንመርመር። የወንድማችንን ወይም የእህታችንን ውጤት የሰማን ደግሞ አማና ነውና በሆዳችን እንያዘው፤ በመጥፎም አንጠርጥር።