የማንም ሰፈር ያልሆነ አደባባይ



ፒያሳ ሲባል ለብዙዎቻችን ትዝ የሚለን የአዲስ አበባው ሰፈር ነው። ቃሉ ግን የጣሊያንኛ ነው፤ አደባባይ ማለት ነው። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ጣሊያን የመሄድ ዕድል ከገጠማችሁ፣ ሲየና ከተማ ያለውን ፒያሳ ዴል ካምፖን አሳዩአቸው። እኔ ከልጆቼ ጋር ሄጄ ያየሁትን ላጫውታችሁ።

ቦታው ሦስት ኮረብታዎች የሚገናኙበት ነው። ሜዳው እንደ ዛጎል ተዘርግቶ ወደ አንድ በኩል ያዘቀዝቃል። ቀይ ጡብ የተነጠፈበት ሲሆን፣ በነጭ ድንጋይ መስመር ዘጠኝ ቦታ ተከፍሏል። ዘጠኙ ክፍል፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1287 እስከ 1355 ከተማዋን ያስተዳድር የነበረውን የዘጠኝ ሰዎች መንግሥት ያስታውሳል። ዝቅ ባለው ወገን በ1297 መሠራት የጀመረው የከተማው ማዘጋጃ ቤት አለ፤ አጠገቡ ያለው ግንብ ቁመቱ ከ80 ሜትር ይበልጣል። ዙሪያውን ያሉት ቤቶች መስኮታቸው እንዲመሳሰል ያኔ ደንብ ወጥቶ ነበር። ማንም ሀብታም እንደፈለገው አይሠራም ነበር ማለት ነው!

ከተማዋ 17 ሰፈሮች አሏት። እያንዳንዱ የራሱ ባንዲራና ምልክት አለው፦ ንስር፣ ዝይ፣ ኤሊ፣ ቀንድ አውጣ። ልጆች ገና በትንሽነታቸው የሰፈራቸውን ከበሮ መምታት ይማራሉ። በየዓመቱ ጁላይ 2 እና ኦገስት 16 አሥር ሰፈሮች አደባባዩን በፈረስ ሦስት ጊዜ ዞረው ይወዳደራሉ። ውድድሩ ሁለት ደቂቃ እንኳ አይሞላም፤ ቂሙ ግን ትውልድ ይሻገራል። ኤሊና ቀንድ አውጣ የታወቁ ባላንጣዎች ናቸው።

የሰፈሮቹ ድንበር በ1729 በአዋጅ ተለይቷል። ልጄ ካርታውን ስታይ፣ «አባዬ፣ አደባባዩ የየትኛው ሰፈር ነው?» አለችኝ። የአንዱም አይደለም። ድንበሮቹ ሁሉ ጫፉ ላይ ያበቃሉ።

ይህን የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። ልጆቻችን ክፍል ውስጥ ፊደል ሲቆጥሩ፣ እኛ ውጭ ቆመን ስለ አገር ጉዳይ እንከራከራለን። ክርክሩ ከሮ ሰላምታ የተቋረጠበት ጊዜም አለ። ልጆቹ ደግሞ ያያሉ። «ከእነ እገሌ ልጅ ጋር አትቀመጥ» የተባለ ልጅ አማርኛን ከምን ጋር አያይዞ የሚያድግ ይመስላችኋል?

የሲየና ሰዎች ሰፈራቸውን አልተዉም፤ ባንዲራቸውንም አልጣሉም። አደባባዩን ግን ለአንዱ አልሰጡም። እኛም አቋማችንን እንተው አላልኩም። በየቤታችን ከበሯችንን እንምታ። ቅዳሜ ጠዋት ትምህርት ቤቱ በር ላይ ስንገናኝ ግን፣ ልጆቻችን እየሰሙ፣ «እንደምን አደራችሁ? ልጆቹ ደህና ናቸው?» እንባባል። አማርኛውንም የሚለምዱት ከዚያ ነው።