ፍሬኑን ማን በጠሰው?

እኛ አራት ነን። አራታችንም ተማሪዎች፣ አራታችንም ኪሳችን የሳሳ፣ አራታችንም ዋሽንግተን ዙሪያ ዘመድ ቤት ተጠግተን የምንኖር። በ2016 ዓ.ም. መስከረም ላይ አንድ የ1994 ሞዴል ኮሮላ በ900 ዶላር ለሽያጭ ቀርቦ አየን። ለአራት ሲካፈል 225 ደረሰን። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ተባብለን ገዛነው። አሜሪካኖች ብልሽቱ የማያልቅ መኪና ሲገጥማቸው «ሎሚ» ብለው እንደሚጠሩት ያወቅነው ኋላ ነው።

ሐሳባችን ማንም ሰው የገዛ መኪናውን ይዞ የውድድር ጎዳና ላይ በሚነዳበት የቅዳሜና እሑድ ፕሮግራም መግባት ነበር። ቦታው ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ሰሚት ፖይንት የሚባለው ነው፤ ዙሩ 2 ማይል፣ ኩርባው 10። ዋንጫ የለውም፤ ሰዓትም አይያዝም። ጀማሪ ከጀማሪ ጋር ይመደባል፣ አሠልጣኝ ከጎኑ ይቀመጥለታል፣ 20 ደቂቃ ያህል ነድቶ ይወጣል።

ከመሄዳችን በፊት በነበረው ሳምንት ኮፈኑን አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ቀባነው። ቀለሙ 60 ዶላር ፈጀ። በሮቹ ላይ ቁጥር ለጠፍን፤ ከመኪናው ጋር ፎቶግራፍ ተነሣን። እውነቱን ለመናገር ከፎቶግራፉ በኋላ መኪናው ተሠርቶ ያለቀ መሰለን።

ቅዳሜ ጠዋት ገና ፍተሻው ላይ ተያዝን። ፈታሹ ኮፈኑን ከፍቶ ባትሪውን ወዘወዘው፤ እንደ ወተት ጥርስ ተነቃነቀ። «ይህን ሳታስሩ አትገቡም» አለን። ከጎናችን ያቆሙ ሰዎች ጠፍር አበደሩንና ጠፈርነው። ሁለተኛው ተራ ላይ ደግሞ ከኮፈኑ ሥር ነጭ እንፋሎት ተግተለተለ። የራዲያተሩ የላይኛው ቱቦ ማሰሪያው ላልቶ ሾልኳል። አንዱ ሮጦ ክዳኑን ሊከፍት ሲል የመርካቶው ልጅ እጁን ያዘው። «አንተ፣ ፊትህን ልትቀቅል ነው እንዴ?» አጎቱ ሶማሌ ተራ መለዋወጫ ይሸጡ ስለ ነበር ከሁላችን ይልቅ እሱ ያውቃል። እስኪበርድ ጠብቀን፣ ማሰሪያ ለምነን፣ ውኃ ሞልተን ገባን። ማታ ያመጣነውን ጥብስ በቀዘቀዘ እንጀራ እየበላን እንደ ጀግና ተሳሳቅን። ሁለት ብልሽት፣ ሁለት ድል! ስለ ፍሬን የተናገረ ሰው አልነበረም።

እሑድ ከምሳ በኋላ ተራው ከመሃላችን የትንሹ ነበር። እናቱ ለፈተና እያጠና ነው ብለው ነው የሚያስቡት። አሠልጣኙ አዛውንት ከጎኑ ተቀመጡ፤ እኛ ሦስታችን አጥሩን ተደግፈን ቆምን። አራተኛው ዙር ላይ ኮሮላችን ረጅሙን ቀጥታ መንገድ ጨርሳ ወደ መጀመሪያው ኩርባ መጣች። የኋላ መብራቷ በራ፤ ጠፋ፤ በራ፤ ጠፋ። መኪናዋ ግን አልቀነሰችም። ከመንገዱ ወጥታ ሣሩ ላይ ገባች፤ አቧራው ዋጣት። ሦስታችንም ምንም አልተናገርንም። አቧራው ሲገለጥ ከጎማው ክምር ጥቂት እርምጃ ሲቀራት ቆማ አየናት።

በኋላ እንደ ነገረን ፔዳሉ ወለል ድረስ ሰመጠ። አዛውንቱ ድምፃቸውን ሳያነሡ «ደጋግመህ ርገጥ፣ ማርሽ ቀንስ፣ መሪውን ቀጥ አድርገህ ያዝ» አሉት። እሱም የታዘዘውን አደረገ። ያዳነችው ያቺ ሁለተኛ ማርሽ ናት።

በአገራችን እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ «ፍሬን በጠሰ» ይባላል። እኛም መጀመሪያ ያልነው ይህንኑ ነበር። ነገር ግን ጎማውን ፈትተን ብንመለከት የተበጠሰ ነገር አልነበረም። ቱቦው ደህና ነው፣ ሸራውም አላለቀም። የፈላው ዘይቱ ነው። የፍሬን ዘይት ከጊዜ ብዛት ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ዶት 3 የሚባለው ዓይነት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ መቆየት አለበት፤ 4 በመቶ የማይሞላ ውኃ ሲገባበት ግን የሚጠበቅበት 140 ብቻ ነው። ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ደግሞ እንደ ዘይት ግፊት አያስተላልፍም፣ ይታመቃል። እግር ይወርዳል፣ ፍሬኑ አይዝም። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ የከባድ መኪና ሹፌር ገና ከአፋፉ ማርሽ የሚቀንሰው ፍሬኑን ከዚህ ግለት ሊያድን ነው። እኛ ዩኒቨርሲቲ ገብተን ያልያዝነውን እሱ በእግሩ ያውቀዋል።

አዛውንቱ የዘይቱን ዕቃ ከፈቱት። ውስጡ ያለው ቡና መስሏል። «መቼ ነው የቀየራችሁት?» አሉ። ማንም አልመለሰም። ትንሹ ሣሩ ላይ እንደ ተቀመጠ ቀና ብሎ አየን። «አይታችሁት ነበር?»

አይተነው ነበር። አንዳችን በተገዛ ዕለት አይቶ «የመርካቶው ልጅ ይቀይረዋል» ብሎ ዘጋው። ሌላው የመስተዋት ውኃ ሲጨምር አየው፤ የተነጋገሩበት መሰለው። የመርካቶው ልጅ ጭራሽ ለመግዛት አስቦ ነበር፤ የጋራው ገንዘብ በቀለም ሲያልቅ ግን ጭቅጭቅ እንዳይሆን ዝም አለ። ዘይቱ ከአንድ ሰው ምሳ አይበልጥም ነበር። ሦስታችንም አየን፤ ያላየው የነዳው ብቻ ነው።

«ፍሬን በጠሰ» ስንል በጣሹ መኪናው ነው፤ ሰው የለበትም። «እኛ» ስንልም እንዲሁ ነው፤ ለምስጋና ሲሆን አራት ሰው ይቆምበታል፣ ለጥያቄ ሲሆን ባዶ ቤት ነው። ተረቱንም ያጣመምነው እኛው ነን። ሃምሳው ሎሚ ጌጥ የሚሆነው ሃምሳው ሰው አንድ አንዷን በእጁ ሲይዝ ነው እንጂ፣ ሁሉም «ሌላው ይዞታል» ብሎ ባዶ እጁን ሲሄድ አይደለም። ያን ቀን መሬት የወደቀችው ሎሚ የጓደኛችንና ከጎኑ በነፃ የተቀመጡለት አዛውንት ሕይወት ልትሆን ምንም አልቀራትም።

ኮሮላዋ ዛሬም አለችን። በማግስቱ ዘይቱን ቀየርነው። አንዱ ፔዳሉን እየረገጠ፣ ሌላው ከጎማው ሥር ተንበርክኮ፣ «ያዝ!» «ልቀቅ!» እየተባባልን አየሩን አስወጣን። ከዚያም ወረቀት አውጥተን ከአራቱ ስሞቻችን ፊት ለፊት ሥራ ጻፍን፤ ባትሪ፣ ውኃ፣ ጎማ። ፍሬን ላይ ስንደርስ ትንሹ እስክሪብቶውን ከእጃችን ወስዶ የራሱን ስም ጻፈበት።

«ከእንግዲህ አንድ ነገር ብቻ ነው የምለምናችሁ» አለን። «ጉድለት ስታገኙ ‹አይተነው ነበር› አትበሉኝ። ‹እኔ አየሁት› በሉኝ፤ ያኔውኑ።»