ከአንገት በላይ

አማርኛችን ከልብ ያልሆነውን ነገር ሁሉ «ከአንገት በላይ» ይለዋል፤ ከአንገት በላይ ሳቅ፣ ከአንገት በላይ ፍቅር። ስለ ትምህርታችን ባሰብሁ ቁጥር ይህ አባባል ሁለት ትርጉም ይሰጠኛል። የተማርነው በእርግጥም ከአንገት በላይ ነበርና። ከአንገት በታች ያለው አካላችን ጭንቅላትን ተሸክሞ ክፍል የሚያደርስ አጋሰስ እንጂ ራሱ የሚጠና ነገር ሆኖ አልተቆጠረም።

ይህን እንዳስብ ያደረገችኝ ለንደን ተወልዳ ያደገችው የእህቴ ልጅ ናት። በእንግሊዝ አገር ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ከመግባታቸው በፊት ባሉት ሁለት ዓመታት፣ ኤ ሌቭል በሚባለው ደረጃ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ትምህርት ብቻ መርጠው በጥልቀት ያጠናሉ። ልጅቱ ባዮሎጂን፣ ታሪክንና የሰውነት ማጎልመሻን መረጠች። እናቷ ሦስተኛውን ስትሰማ ቤቱ ታመሰ። «ሌሊት ቢሮ እየጠረግሁ ያሳደግኋት ኳስ እንድታነጥር ነው? አደራህን፣ አንተ ንገራት፤ አንተን ትሰማሃለች» ብላ ደወለችልኝ። በድምፅዋ ውስጥ ከቁጣው ይልቅ የ20 ዓመት ድካም ይሰማ ነበር። እኔም በግጥሜ የተነሣ «ምን ሊያበላህ?» ስባል የኖርሁ ሰው ነኝና ለመፍረድ አልቸኮልሁም። አስቀድሜ የምትማረውን ለማየት ወሰንሁ።

ልጅቱ የመጽሐፏን ገጾች ፎቶ እያነሣች ትልክልኝ ጀመር፤ እኔም በምሳ ሰዓት ከባንኩ መስኮት ጀርባ ተቀምጬ አነብባቸዋለሁ። ከጠቅላላው ውጤት 70 በመቶው የሚገኘው በጽሑፍ ፈተና ነው፤ በሜዳ ላይ ለሚታይ ችሎታና ያንኑ ለመተንተን የተተወው 30 በመቶ ብቻ ነው። ልብ በአንድ ደቂቃ የሚረጨው ደም፣ በአንድ ምት የሚረጨው በምቶቹ ቁጥር ተባዝቶ ይሰላል። በጣቶቻችን ቆመን ተረከዛችንን ስናነሣ እግራችን እንደ ካሪዮላ ይሠራል፤ ጣቶቻችን ጎማው፣ ክብደታችን በመሀል ያለው ጭነት፣ የባታችን ጡንቻ ደግሞ እጀታውን የሚያነሣው ክንድ ነው።

ስለ ከፍታ የሚናገረውን ምዕራፍ ሳነብ ስለ እኛ የተጻፈ መሰለኝ። ቦታው ከፍ ሲልና አየሩ ሲሳሳ ኩላሊት አንድ ሆርሞን አመንጭቶ ቀይ የደም ሕዋሳት እንዲበዙ ያዛል። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 በሮም በባዶ እግሩ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ መግባቱን እኛ በጀግንነት እንተርከዋለን። የልጅቱ መጽሐፍ ደግሞ «የሰው አካል ይህን እንዴት ቻለ?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ጀግንነቱን አያሳንሰውም።

እኔ በተማርሁበት ትምህርት ቤት የስፖርት ክፍለ ጊዜ ለሒሳብ ማካካሻ የሚሰጥ፣ ያ ካልሆነም አንድ ኳስ ለ60 ልጅ ተወርውሮ መምህሩ ጥላ ሥር የሚቀመጥበት ሰዓት ነበር። በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ላይ አልነበረም፤ ፈተና የማይወጣበት ነገር ደግሞ በእኛ ዘንድ ትምህርት አይባልም። ሆኖም በዚሁ አገር፣ በቆጂ ላይ፣ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር የነበሩት ሥንታየሁ እሸቱ ሥራቸውን ከልብ ስለያዙት ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ በእጃቸው አልፈዋል።

አንድ ማታ ልጅቱ በገጽ ፎቶ ፈንታ ጥያቄ ላከችልኝ። የልብ የደም ሥሮች ስለሚጠቡበት ምክንያት ተምራ ነበር። «አጎቴ፣ አያቴ የሞቱት በምንድን ነው?» አለችኝ።

«ልባቸውን አሟቸው» ብዬ መለስሁ።

«ልባቸውን ምን?»

ከዚያ በላይ የማውቀው አልነበረኝም፤ በቤታችን የሚያውቅም አልነበረም። አባቴ 30 ዓመት የጽሕፈት ቤት ወንበር ላይ ተቀምጠው ኖሩ። ደረጃ ሲወጡ ደረታቸውን ይዘው ሲያርፉ «ደክሟቸው ነው» አልን፤ በ58 ዓመታቸው ሲወድቁም «ቀናቸው ደርሶ ነው» ብለን ቀበርናቸው። የእኔም እንጀራ የወንበር እንጀራ ነው።

ለእህቴ ደወልሁላት። «ልጅሽ አባታችንን የነጠቀንን ነገር እየተማረች ነው» አልኋት። ብዙ ዝም አለች። እስከ ዛሬ እሺ አላለችም፤ «ንገራት» ማለቷን ግን ትታለች።

ልጅቱ በመጪው ግንቦት ትፈተናለች። እኔም ከሥራ ስወጣ ሁለት ፌርማታ ቀድሜ ከታክሲ እየወረድሁ በእግሬ እገባለሁ፤ ዳገቱን ስጨርስ ቆም ብዬ የልቤን ምት እቆጥራለሁ።