ጥልፍ ሲታጠብ

ጥልፍ ያለበትን ልብስ በረኪና አታስነኩት። በነርስነት በሠራሁባቸው ዓመታት በረኪና ወለልና ዕቃ ሲያጸዳ ኖሯል፤ ክርን ግን ያሳሳል፣ ቀለሙንም ይበላል።

በ2013 ክረምት ከሲሪንቃ ስንሸሽ እናቴ በመስቀልኛ የጠለፈችውን የትራስ ልብስ በነጠላ ጠቅልዬ ይዤ ወጣሁ። ከእጇ ሥራ የቀረኝ እሱ ብቻ ነው። ስንመለስ ቢጫ ሆኖ ነበር። ጎረቤቴ «በረኪና ጣል አድርጊበት» ብትለኝም እሺ አላልኩም።

መጀመሪያ ቀዩን ክር ፈተንኩት፤ እርጥብ ነጭ ጨርቅ ከጀርባው ጫን አድርጌ ስይዝበት ቀለም አልለቀቀም። ከዚያ ለብ ባለ ውኃ ጥቂት ሳሙና በጥብጬ ዘፈዘፍኩት፤ በመዳፌ ጫን ጫን አደረግኩት እንጂ አላሸሁትም፣ አልጨመቅኩትም። ሳሙናው ተሟጦ እስኪወጣ ደጋግሜ አለቀለቅኩት፤ ሳሙና ከቀረበት መልሶ ቢጫ ይሆናል።

እናቴ ግን በእንዶድ ነበር የምታጥበው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ አካባቢ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዝቅ ብለው የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አይተው ነው እንዶድ የቢልሃርዝያን አስተላላፊ እንደሚገድል የደረሱበት። ይህን በተማርኩ ጊዜ በእናቴ ኮራሁ።

ውኃውን በፎጣ ጠቅልዬ አስመጠጥኩና ጥላ ላይ አሰጣሁት። ካውያ የሚነካው እርጥበቱ ጨርሶ ሳይጠፋ ነው፤ ጥልፉን ወፍራም ፎጣ ላይ በፊቱ ደፍታችሁ ከጀርባው ተኩሱት። በፊቱ የተተኮሰ ጥልፍ ይደፈጠጣል። የከሰል ካውያ ከሆነ አመዱን አስቀድማችሁ አራግፉ።

የልጅ ልጄ ለሠርጓ ጠይቃኛለች። እሰጣታለሁ፤ እስከዚያ ካውያውን የምይዘው ግን እኔ ነኝ።